ጥቁርና ነጭ የእርጅና ማስመሰያ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

አንባቢዎች የሚልኳቸውን የቆዩ የገጠር ቤቶች ፎቶግራፎች በጋዜጣችሁ ማውጣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና ብዙዎቹ በቀለም ከተነሡ በኋላ አሮጌ እንዲመስሉ ብቻ ወደ ጥቁርና ነጭ የተለወጡ መሆናቸው ስለሚያስታውቅ፣ ስለ አነሣሣቸው ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። በእኔ እምነት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚሠራው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ አንሺው የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣና ምን እንደሚተው አስቀድሞ በግራጫ አስቦ መወሰን አለበት።

በለመለመ ሣር መካከል ያለ ቀይ በር ዓይን ይስባል። ቀለሙ ሲወጣ ግን ቀዩም አረንጓዴውም ተቀራራቢ ግራጫ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቅንብሩ ሁሉ የተደገፈበት በር ከሣሩ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። በፊልም የሚሠራ ሰው ቀይ ፊልተር (በሌንሱ ፊት የሚደረግ ባለቀለም መስታወት) ቢጠቀም በሩ ይነጣል፣ ሣሩም ይጠቁራል፤ በአረንጓዴ ፊልተር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጠንካራው ቀይ ፊልተር ወደ ፊልሙ የሚደርሰውን ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ስለሚያወርደው፣ ካሜራውን በትራይፖድ፣ ማለትም በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማቆም ሳያስፈልግ አይቀርም። ዲጂታል ካሜራ ያለው ሰው ማሳያውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ምስሉን በሮው ፋይል (ካሜራው የተቀበለውን መረጃ ሳያቀነባብር በሚያስቀምጥበት ፋይል) ቢይዝ፣ ግራጫውን እያየ ያቀናብራል፤ የቀለሙም መረጃ አይጠፋበትም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 በኒው ዮርክ ግዛት በፖርት ኬንት ያነሣውን ነጭ አጥር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ከፊት የቆሙት ወጣ ገባ ነጭ እንጨቶች ከጠቆረው ሣር ተለይተው ስለሚወጡ ዓይን መጀመሪያ እነርሱን ይይዛል፣ ወደ ቤቶቹ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ብርሃኑ ደግሞ ከቤቱ በሚፈለገው ነገር ይወሰናል። የጭቃ ልስን ስንጥቅ፣ የሣር ክዳን ንብብር ወይም የተጠረበ እንጨት ሻካራነት እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ግድግዳውን ከጎን እየዳሰሰች የምታልፍበትን ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ፀሐይ ከካሜራው ጀርባ ስትሆን ያው ግድግዳ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል። የሚፈለገው የአሠራሩ ቅርጽ ከሆነ ግን ደመናማ ቀን ይሻላል። ጀርመናውያኑ ፎቶግራፍ አንሺዎች በርንድና ሂላ ቤኸር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጀርመን በዚገን ከተማ አካባቢ የእንጨት ማዋቀሪያቸው ከውጭ የሚታይ ቤቶችን ፊት ለፊት ቆመው ሲያነሡ፣ ጥላው የማዋቀሪያውን መስመር እንዳይሰብርባቸው የተሸፈነ ሰማይን ይመርጡ ነበር። በቀይ ፊልተር እንደ ሌሊት የጠቆረ ሰማይ ከጎጆ በላይ መዘርጋት ዛሬ ዛሬ ስለ በዛ፣ እኔ በግሌ ሰልችቶኛል፤ ሰማዩ የሚናገረው ነገር ከሌለው ከምስሉ ቢቀር ምን ይጎድላል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የካሜራው መዘንበል ነው። የገጠር ቤት ምሰሶው በዕድሜ ብዛት ያዘነበለ፣ ጣራው የሰመጠ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ታሪኩ ነው። አንሺው ተጠግቶ፣ በሰፊ ሌንስ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሲያነሣ ቋሚ መስመሮች ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚጋደሉ፣ ያዘነበለው ቤቱ ይሁን ካሜራው መለየት ያቅታል። ራቅ ብሎ መቆምና ካሜራውን ከመሬት ጋር አስተካክሎ መያዝ፣ ከተቻለም ከፍ ካለ ቦታ ማንሣት ይህን ያስቀራል። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት የድሃ ጭሰኞችን የእንጨት ቤቶች በትልቅ ካሜራ ያነሣቸው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ቀጥ ብሎ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ስለዚህም የእያንዳንዱ ሳንቃ መጣመም የራሱ የሳንቃው ሆኖ ይነበባል።

በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ምስሉን ሲሞላው የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነጩን መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር፣ መጋለጡን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ መጨመር ይገባል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። የተከፈተ በር ውስጡ ጨለማ ከሆነ ደግሞ ጨለማ ይሁን፤ በኮምፒውተር ጎትቶ ማብራት በሩን ከቅርጽነት አውጥቶ የደበዘዘ ግራጫ ነጠብጣብ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጋዜጣ ወረቀት የኅትመቱን ቀለም ስለሚመጥና ስለሚያሰፋ፣ ተቀራራቢ ጥቁር ግራጫዎች በኅትመት ይዋጣሉ፤ ምስሉ ሲያንስ ደግሞ የቀረውም አይታይም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ስድስት ትናንሽ ፎቶግራፎች ከምትደረድሩ፣ ጥላው ጥቂት ፈካ ተደርጎ አንዱን በግማሽ ገጽ ብታወጡት፣ ከሥሩም ቤቱ ከምን እንደ ተሠራና በየትኛው ሰዓት እንደ ተነሣ ብትገልጹልን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ