አባባ፣ መስቀል ላይ ይሄን ይናገሩልኝ

አባባ እንደምን ሰነበቱ፣ ጉልበቶን እንዴት አረጎት? እኛ እዚህ መርካቶ ደህና ነን፣ ስራው ብቻ ቀዝቅዟል። ይሄን በቴሌግራም ለልጁ ልኬለታለሁ፣ ቀስ ብሎ ያንብብሎት፣ እየዘለለ ካነበበ ይቆጡት።

ነገሩ የትምህርት ቤቱ ነው። የአዲስ አበባው ኮሚቴ ደውሎልኝ ነበር፣ ዘንድሮ መስቀል ሰው ሁሉ ሲገባ ብር ይሰብሰብና አሮጌው የጭቃ ክፍል ፈርሶ በብሎኬት አዲስ ይሰራ ነው የሚሉት፣ ሪባን ይቆረጣል ስም ይለጠፋል። አሪፍ ነው ግን አልተዋጠልኝም። ያኛውን የብሎኬት ክፍል አላየንም እንዴ? ሲመረቅ ድግስ ነበር፣ ከዛ ማን ዞሮ አየው? አሸንዳው ወድቆ ውሃው ግድግዳው ስር እየገባ ሊሾው ተሰነጣጠቀ፣ ዴስኮቹም እግራቸው እየተነቀለ ጓሮ ተከምረዋል።

እርሶ ሲነግሩን እኮ በ1950ዎቹ ለጉራጌ መንገድ ያዋጣው ህዝብ ነው የኛንም ትምህርት ቤት ያቆመው፣ አዲስ አበባ ሊስትሮ የሚሰራውም ሱቅ ያለውም ብር ይልካል፣ አገር ቤት ያለው ባህር ዛፍ ይቆርጣል ድንጋይ ይሸከማል፣ መንግስት ደሞ አስተማሪ ይልካል። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲመጣም ቀን ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ማታ በፋኖስ ፊደል የቆጠሩት እርሶ ኖት። ያ ክፍል እስካሁን የቆመው ጭቃው ልዩ ሆኖ አይደለም፣ በየበጋው ጭድ ሲገኝ ወላጅ ተጠርቶ ይመርገው ስለነበረ ነው፣ ቋሚው ስሩ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል ምስጥ አይደፍረውም፣ ቦዩም ይጠረጋል። ማን እንዳስቀረው እግዜር ይወቀው። ስኩል ግራንት፣ መንግስት ለትምህርት ቤት የሚልከው ብር፣ መጣ ሲባል ሰዉ ከእንግዲህ የመንግስት ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ መሰለኝ። እሱ ብር ደሞ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ነው የሚመጣው፣ እንደኛ ላለ ትንሽ ትምህርት ቤት ጠመኔና ወረቀት ተገዝቶበት ያልቃል፣ ጣሪያ ጋ አይደርስም።

ሌላው ቆርቆሮው ነው። ኮሚቴው ለጣሪያው የያዘው ዋጋ የ35 ጌጅ ነው፣ ጌጅ የውፍረቱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ብዙ ሰው በተገላቢጦሽ ነው የሚያስበው። 35ቱ ለአጥር ይሁን ግድ የለም፣ ጣሪያ ላይ ግን ንፋስ ሚስማሩ ጋ ይቀደዋል። ቢያንስ 32፣ ከተቻለ 28 ይሁን፣ ሚስማሩም ጎማ ያለው።

እኔ የምለው አሮጌው አይፍረስ፣ ቋሚዎቹ ደህና ናቸው። ጣሪያው ይቀየር፣ ግድግዳው ስር ድንጋይ በሲሚንቶ ይገንባ፣ የቀረው ብር በትምህርት ቤቱ ስም ባንክ ይግባና በየአመቱ ለጥገና ብቻ ይውጣ። የግቢው ባህር ዛፍ ሲሸጥም እዛው ደብተር ላይ ይግባ፣ አምና የተሸጠው የት እንደገባ እንኳን የሚነግር ጠፍቷል። እኔ ብናገር ይሄ ነጋዴ ቆርቆሮውን ሊሸጥልን ነው ይሉኛል (ግማሹ ውነት ነው፣ ግን በመጣበት ዋጋ ነው የምሰጣቸው)፣ እርሶ ሲናገሩ ግን ርዕሰ መምህሩም ኮሚቴውም ይሰማል። ብቻ ክትፎው ሳይቀርብ ይናገሩ፣ ከቀረበ በኋላ ማንም አይሰማም።

የጉልበቶን ቅባት በሹፌሩ እጅ ልኬያለሁ፣ ጠዋትና ማታ ነው። እማዬም ለወገቧ ትቀባ፣ ግን ለጎረቤት ሁሉ እያደለች እንዳትጨርሰው።