የኮምፒዩተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በዕቅዳችን ላይ የሰፈረው «መሠረታዊ የኮምፒዩተር ጥገና» የሚል ነበር። ዓመቱን የበላው ግን አንድ ጌም ነው፤ ማይንክራፍት። ርዕሰ መምህራችን ቅር እንዳይላቸው እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩን የጀመረው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ቲቸር፣ ኮምፒዩተሩ 8 ጊጋባይት ራም እያለው ጌሙ ለምንድን ነው ስታክ የሚያደርገው?» አለኝ። (ራም ኮምፒዩተሩ አሁን እየሠራበት ያለውን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ፈጣን ቦታ ነው።) እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ኋላ አብረን ስናየው፣ የማይንክራፍት ጃቫ እትም (ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው) ለዳታው የተመደበለትን ጣሪያ አልፎ ራም አይወስድም። የእኛ 2 ጊጋባይት ላይ ነበር። የተረፈው ራም ሥራ ፈት ቢቀመጥም ለጌሙ አይደርሰውም።

ጣሪያውን ማንሳት የደቂቃ ሥራ ነው። ላውንቸሩ (ጌሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ የጌሙን ማስተካከያ ከፍቶ፣ ተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ካለው ረጅም የትእዛዝ መስመር «ኤክስኤምኤክስ» (Xmx) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን 2 በ4 መተካት ነው። ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፕሮግራም) የጫኑት ልጆች ለውጡን ወዲያው አዩት። የዚያን ቀን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህር ድረስ ተሰምቶ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ሰው ካገኘ መች ይበቃዋል? በሳምንቱ አንዱ 7 ጊጋባይት ሰጠው። ትንሽ እንደተጫወተ ማውሱ ራሱ መንቀሳቀስ አቃተው። ለዊንዶውስ የቀረው ቢበዛ 1 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ዲስኩን እንደ ራም ይጠቀማል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው። ልጁ ማሽኑን ያቃጠለው መስሎት ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

የዓመቱን ምርጥ ሥራ የሠራችው ግን ብዙ የማታወራ አንዲት ተማሪ ናት። ጌሙ ውስጥ ኤፍ 3 ሲጫኑ ከላይ በስተቀኝ የራም ፍጆታ በመቶኛ ይታያል። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ እየመዘገበች ቆየች። ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። መውረዱ ጃቫ የማያስፈልገውን ዳታ ሲጠርግ ነው። የእሷ ማሽን ላይ ቁጥሩ ወደ ጣሪያው ሳይጠጋ ነው የሚወርደው፤ ጌሙ ግን ያው ይንቀራፈፋል። «ስለዚህ ራሙ አይደለም» አለች።

ከዚያ ጌሙ የሚያሳየውን የእይታ ርቀት ከ12 ወደ 8 ቻንክ (የጌሙ ዓለም የተከፋፈለበት ካሬ ቁራጭ) ዝቅ አደረገችው። ሲሳካላት ወደ ሰሌዳው ወጣች። በየአቅጣጫው 12 ሲሆን፣ የቆምንበት ተጨምሮ ጎኑ 25 ነው፤ 25 በ25 ደግሞ 625 ቻንክ። በ8 ሲሆን 17 በ17፣ 289። ከግማሽ በታች! ራሙን ሳትነካ ጌሙ ተፍታታ። የሒሳብ መምህሩን አለመጥራቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

የቀረውን ባጭሩ፦ ኪቦርዶች ተጠርገዋል፣ ቫይረስ የያዛቸው ፍላሾች ጸድተዋል፣ አታሚው አልተሠራም። የልጅቷ ደብተር ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። 7 ጊጋባይት የሰጠው ልጅ ሽፋኑ ላይ «መጀመሪያ ኤፍ 3» ብሎ ጽፎበታል።