ለአባባ፣ ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው ስደውል «የእናንተ ገዥ አስተማሪ ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርኩ ሄደና ሳልመልስልዎ ቀረሁ።

እውነት ነው። የሚኒሶታ ስቴት ገዥ ቲም ዋልዝ ይባላል። ደግሞ እንደ እርስዎ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው። እዚህ ማንኬቶ በምትባል ከተማ ሲያስተምር፣ የትምህርት ቤቱን ፉትቦል ቡድንም ያሠለጥን ነበር። 1999 ላይ የስቴቱን ዋንጫ በሉ። (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ፣ አይቆጡኝ። ፉትቦሉም በእጅ የሚይዙት ነው።)

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ኔብራስካ በሚባል ሌላ ስቴት ውስጥ፣ አላያንስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1993 ተማሪዎቹን ስለ ዘር ማጥፋት አስተማራቸው። ከዚያ የአገሮችን የምግብ አቅርቦት፣ ገቢና የቅኝ ግዛት ታሪክ እያዩ «ቀጥሎ የት ሊደርስ ይችላል?» የሚለውን እንዲመልሱ አዘዛቸው። ልጆቹ ሩዋንዳ አሉ። በዓመቱ የሆነውን ያውቁታል።

ይህን ሳነብ የእርስዎ ክፍል ታየኝ። በሸራ የሳሉት የአፍሪካ ካርታ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የለቀቀው ቀለም። ጠመኔ ያነጣው የኮትዎ እጅጌ። አንዱን አገር በዘንግ መታ ያደርጉና «እዚህ ያለው ሰው ምን ይበላል?» ይሉን ነበር። ዋና ከተማውን መቼም ቀድመው ጠይቀውን አያውቁም።

ፖለቲካውን ላሳጥረው። በ2006 ለኮንግረስ ተወዳድሮ 12 ዓመት የተቀመጠውን ሰው አሸነፈ። በ2018 ገዥ ሆኖ ተመረጠ፣ በ2022 ደገመ። በ2024 ከካማላ ሃሪስ ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ቀርቦ ተሸነፈ።

እኛ ቤት የገባው ሥራው አንድ ነው። በ2023 የፈረመው ሕግ የተማሪዎችን ቁርስና ምሳ በነፃ አደረገው። ሀብታም ደሃ የለም። ድሮ ከልጁ ቦርሳ ውስጥ «የምሳ ዕዳ አለባችሁ» የሚል ወረቀት አገኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ከደብተሩ ሥር ነበር የሚደብቀው፣ አፍሮ። አሁን ትሪውን ያነሳና ይሄዳል። በቃ።

ዋልዝ ንጹሕ ነው እያልኩዎ ግን አይደለም። በኮሮና ጊዜ ለልጆች ምግብ ከተመደበው ገንዘብ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጭበረበረ ብሎ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰ፣ ብዙ ሰው ተፈረደበት። እሱ አልተከሰሰም። ግን በእሱ ዘመን ነው፣ መቆጣጠር ነበረበት። በ2026 መጀመሪያ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም አለ። ደብተር ሳያርም ማርክ የሰጠ አስተማሪ ይመስለኛል። እርስዎ ይህን አይምሩትም፣ አውቃለሁ።

እና አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወረዳ ላይ ሾመውዎት በስምንት ወር ጥለው ወደ ክፍል ሲመለሱ፣ እማዬ ኩርፊያ ላይ ነበረች፤ እኛም ሹመቱ ለምን እንደቀረ ሳንጠይቅ አደግን። «ጠመኔው ይሻለኛል» ብለው ነበር የዘጉት። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አመንኩዎ። አሁን አላምንም። የሆነ ወረቀት ፈርሙ ተብለው ነበር አይደል?

በስልክ አይንገሩኝ፣ ሰው አጠገብዎ ይኖራል። ይጻፉልኝ። ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባት በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅዎ