ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ሜክሲኮን በማድ ቤት ስለመማር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ልጆቻችሁ በዚህ መንፈቅ ዓመት የሚያጠኑት የውጭ አገር ሜክሲኮ ነው። ካርታዋን ሥለዋል። ዋና ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ፣ ከስፓኒሽ ሌላ ከ60 በላይ ነባር ቋንቋዎች እንደሚነገሩባት ተምረዋል። ከፈተናው ማግስት አብዛኛውን እንደሚረሱትም እኔና መምህራኑ እናውቃለን። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የቤት ሥራው ከደብተር ወጥቶ ወደ ማድ ቤታችሁ ይገባል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ሆኖ አንድ የሜክሲኮ ምግብ ይሠራል።

የምንጠብቀው ድግስ አይደለም። ውድ ዕቃ አትግዙ፤ በተለይ በጠርሙስ ታሽጎ ባርኔጣ ያደረገ ሰው የተሣለበትን ስጎ ተዉት፣ ልጁን የሚያስተምረው ነገር የለም። ምግቡንም ወደ ትምህርት ቤት አትላኩ። አንዳንድ ተማሪዎች የምግብ አለርጂ አለባቸው፤ ከዚያም በላይ የማን እናት አሳምራ ሠራች የሚል ውድድር እንዲጀመር አልፈልግም። አብሮ የሚሠራው ሰው እናትም ይሁን አባት፣ አያትም ይሁን ታላቅ እኅት ለእኛ ልዩነት የለውም።

ምግቡን ራሳችሁ ብትመርጡ ደስ ይለናል። ለመምረጥ ለሚቸገር የምንመክረው ቶርቲያ የሚባለውን ስስ ቂጣ ከተቀቀለ ቦሎቄ ጋር ነው። ማባያው ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ተከትፎ ሎሚ የሚጨመቅበት ሳልሳ ነው። ይህን የመረጥነው ቀላል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ታሪክ ጥሬ ዕቃው ውስጥ ስላለ ነው። ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ልጁ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ለሁለት ይክፈለው። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና አቮካዶ ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ምድር ይመረቱ የነበሩ ናቸው። ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ሎሚ፣ ሩዝ፣ ስኳርና የላም ወተት አይብ ግን የስፔኑ ወራሪ ኤርናን ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በ1519 ከባሕር ዳርቻ ከወረደ በኋላ በመርከብ የገቡ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1521፣ በዚያ ዘመን ኃያል የነበረው ነባር ሕዝብ፣ የአዝቴኮች፣ መዲና ቴኖችቲትላን ወደቀች፤ የዛሬዋ ሜክሲኮ ሲቲ የተሠራችው በፍርስራሿ ላይ ነው። አንድ ጭልፋ ሳልሳ ውስጥ ሁለቱም ዓለማት ተቀላቅለው ይገኛሉ። ልጁ ይህን ካየ በኋላ በተቃራኒው ጠይቁት፦ ከዚያ ዘመን በፊት ጣሊያኖች ቲማቲም፣ ሕንዶች ቃሪያ ነበራቸው? አልነበራቸውም። ይህን ሲሰሙ የሚያምኑ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ይከራከሩ፣ መጽሐፍም ያገላብጡ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ብትሰጡት የምመኘው ግን በቆሎው ነው። የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በደቡብ ሜክሲኮ የነበሩ ገበሬዎች ቴኦሲንቴ የተባለውን፣ ጥቂት ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ብቻ የሚያፈራ ሣር ትውልድ ከትውልድ ዘሩን እየመረጡ በመዝራት ዛሬ የምናውቀው በቆሎ አደረጉት። በኋላ ዘመን የአካባቢው ሴቶች ደግሞ እህሉን በኖራ ውኃ ቀቅለውና ዘፍዝፈው ገለባውን አጥበው ያስለቅቁና በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩት ነበር። ኒሽታማል የሚባለውን በቆሎ የሚያስገኘው ይህ አሠራር ሊጡ እንዲያያዝ ያደርጋል። ዋነኛው ጥቅሙ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፦ በቆሎ ውስጥ ታስሮ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ይለቀዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር እህሉ ሄደ፣ ሙያው ቀረ። በሰሜን ጣሊያን፣ በኋላም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎን ከሞላ ጎደል ብቸኛ ምግባቸው ያደረጉ ድሆች ቆዳ በሚያቆስልና አእምሮ በሚያውክ ፔላግራ በተባለ በሽታ አለቁ። ሐኪሞች ለረዥም ጊዜ ተላላፊ ነው፣ አለዚያም ከተበላሸ በቆሎ የሚመጣ ነው ሲሉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ምንጩ የአመጋገብ ጉድለት መሆኑን አሳየ፤ መድኀኒቱ ናያሲን መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር የማድ ቤት ዕውቀት መታለፉ ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ ለአሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከሊጥ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኖራውን በቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ያቃጥላል፣ ለግንባታ የሚሸጠው ደግሞ ጭራሽ ለምግብ አይሆንም። ተራ የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውኃ አቡክታችሁ ብትሞክሩ ሊጡ እየተሰነጠቀ ያስቸግራችኋል። ይሰንጠቅ። ለምን እንደተሰነጠቀ ልጁ ካስረዳችሁ ትምህርቱ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ በስንዴ ዱቄት ብትሠሩት ማጭበርበር አይደለም፤ በሰሜናዊ ሜክሲኮ የስንዴ ቶርቲያ የዘወትር ምግብ ነው።

ቦሎቄው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደርና ውኃው ይደፋ፤ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ እስኪለሰልስ ይቀቀል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ ያውካል። ቢላዋና እሳት አዋቂ ባለበት ብቻ ነው። ቃሪያ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዓይን አይነካም። አፍ ቢቃጠል ውኃ ብዙም አይረዳም፤ ወተት ይሻላል።

ምድጃ አጠገብ ልጅ ማቆም የማይመቻችሁ ወላጆች ቸኮሌት የሚሠራበትን ካካዎ መሞከር ትችላላችሁ። የካካዎ ዱቄት በለብታ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ትንሽ የቃሪያ ዱቄት ጨምራችሁ፣ ያለ ስኳር ቅመሱት። የአዝቴክ መኳንንት የሚጠጡት ለዚህ የቀረበ ነበር። የልጃችሁን ፊት ማየት ብቻውን ይበቃል።

ምግቡ ላይጣፍጣቸው ይችላል። አልወደድኩትም ማለት ይቻላል፤ «ያስጠላል»፣ «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይበላሉ» ማለት ግን አይፈቀድም። ይህን ክፍል ውስጥ ነግረናቸዋል፤ እናንተም ቤት ውስጥ ብታጸኑልን እንወዳለን። አንድ ምግብ ሠርተን ሜክሲኮን አወቅን እንዳይሉም አደራ። በዚያችው አገር የዩካታን ግዛት ሰው የሚበላውና የኦሐካ ግዛት ሰው የሚበላው እንኳ ሰፊ ልዩነት አለው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮን ባህላዊ የምግብ አሠራር በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ከእርሻው እስከ ማዕዱ ያለውን ሥርዓት በሙሉ ነው የመዘገበው። ሰው ሠራሽ ጢምና ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ፎቶግራፍ መነሣትም የትምህርቱ አካል አይደለም። በክፍሉ ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ልጆች አሉ፤ የእነርሱ አገር ተራ ሲደርስ እንዴት እንዲቀርብላቸው እንደሚፈልጉ አስቡ።

ከእያንዳንዱ ተማሪ የምንቀበለው አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ነው። ምን ሠራችሁ፣ ከጥሬ ዕቃዎቹ አንዱ ከየት ተነሥቶ ወደየት ተጓዘ፣ ስትሠሩ ያልጠበቃችሁት ምን ገጠማችሁ የሚሉትን ይመልስ። ሥዕል መጨመር ይቻላል። ጽሑፉ የልጁ ይሁን፤ መምህራኖቻችን የአዋቂ ዓረፍተ ነገር ከሩቅ ይለያሉ። ነጥብ የሚሰጠው ለጥያቄውና ለምልከታው እንጂ ለምግቡ ስላልሆነ፣ ያረረ ቶርቲያ በሐቀኝነት ከተጻፈ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ወረቀቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው ሰኞ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይሰጥ። የምግብ አለርጂ ያለበት ወይም በሃይማኖት ምክንያት የማይመገበው ነገር ያለ ልጅ ካለ፣ ወይም በቤታችሁ ሁኔታ ይህን ማድረግ ካልተቻለ፣ እስከዚህ ሳምንት ዓርብ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉልን፤ ምክንያት አንጠይቅም፣ ሌላ ሥራ እንሰጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር