አባዬ፣ ስለ ፕሬዠርህ ጉዳይ

አባዬ እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደና ነኝ፣ እዚህ ሊሙ ዝናቡ አልለቅ ብሎ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው ቅዳሜ ጅማ ያልመጣሁት። በስልክ ሳወራህ "እሺ እሺ ይሁን" ብለህ ለእማዬ ታቀብላታለህ፣ ስለዚህ በጽሁፍ ይሻላል ብዬ ነው፣ መነጽርህን አድርገህ እስከ መጨረሻው አንብበው በናትህ።

እማዬ ነግራኛለች። ፕሬዠርህን እቤት ነው የምትለካው አሉ፣ በዛ በድሮው የሜርኩሪ መለኪያ፣ ጎማው በፕላስተር በተጠቀለለው፣ እሷ ታነፋለች አንተ ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አድርገህ "በቃ ተይ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ" ትላታለህ፣ ከዛ ራስህን ካመመህ አንድ አምሎዲፒን፣ የፕሬዠር ኪኒንህን፣ ትውጣለህ ካላመመህ ደሞ ትተወዋለህ። ኧረ አባዬ! ይሄን ሌላ ሰው ቢያደርገው እኮ ከመድኃኒት መሸጫህ ተቆጥተህ ነው የምታባርረው። ፕሬዠር ስላላመመ የለም ማለት አይደለም፣ ይሄን ለአንተ ማስረዳት ራሱ ያሳፍራል፣ ዝም ብሎ ኩላሊትና ልብ ሲበላ ከርሞ አንድ ቀን ግማሽ ሰውነት ይዞ ይሄዳል።

ጤና ጣቢያ ሂድ ስትባል ምን እንደምትል አውቃለሁ። "እዛ ያሉት ልጆች ናቸው፣ ያለውም ፓናዶል ነው።" ልጆች መሆናቸው እውነት ነው፣ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። ግን አንተ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያሽግ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት፣ ሆነህ ገጠር ስትላክ ስንት አመትህ ነበር? ራስህ የነገርከኝ ነው፣ ጺም ሳታወጣ በበቅሎ ወርደህ ለስንትና ስንት ቀበሌ ብቻህን ስትወጋ ስታሽግ የኖርክ ሰው እኮ ነህ፣ አንተን ያኔ "ልጅ ነው" ብሎ ሳይመጣ የቀረ አለ?

ያኔ ስትሰለጥኑ ጤና ለሁሉም በ2000 ይባል ነበር ትለኝ የለ። አገሮች ስለዚሁ የመከሩበት የአልማ አታው የጤና ስብሰባ በፈረንጅ 1978 ነበር፣ አንተ ደሞ "2000 በኛ ነው በፈረንጅ? ሁለቱም አልፏል" እያልክ ታስቀን ነበር። ሀሳቡ ግን ቀልድ አልነበረም፣ ሰው ሳይሞት በፊት እግሩ በሚደርስበት ቦታ ሀኪም ያግኝ ነው ነገሩ፣ ጎንደርም በ1954 በፈረንጅ የጤና ኮሌጁ ሲከፈት ለዚሁ ለጤና ጣቢያ የሚሆን ሰው ለማሰልጠን ነው። አንተ ብቻህን የሞከርከውን ነገር አሁን ቢያንስ በወረቀት ላይ ሰንሰለት አርገውታል፣ ገጠር ላይ ከሶስት እስከ አምስት ሺ ሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ወደ 25 ሺ ሰው አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከተማ ላይ 40 ሺ ሰው አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዛ ሪፈር። ጤና ኬላዎቹ ላይ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች በ1995 ገደማ ሲጀመር አስረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ አመት የሰለጠኑ ሴቶች ናቸው፣ አሁን በአገሪቱ ከ30 ሺ በላይ ናቸው። አንተ "አንድ አመት ተምረው ምን ያውቃሉ" ትላለህ። እኔም ስመረቅ ትንሽ እንደዛ አስብ ነበር፣ ቲቲፒ፣ ተማሪ ሆነን በቡድን ጤና ጣቢያ የምንሰራበት ልምምድ፣ ስንወጣም ሙያው እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ህዳር ቡና በሚለቀምበት ሰሞን አንዷ የጤና ኬላ ልጅ አንድ ገበሬ ወደኛ ላከችብን፣ ሰውየው ወረቀቷን በእጁ ጨብጦ እየተነጫነጨ ገባ፣ ቡናዬን አልጋ ላይ አስጥቼ ዝናብ ቢመጣስ ምንም ሳያመኝ ይቺ ልጅ ካልሄድክ አለችኝ ይላል። አስቀመጥኩት፣ ትንሽ አረፈና ለካሁት፣ 190 በ110። በሌላኛው እጁም ለካሁ፣ ያው ነው። ወረቀቷ ላይ እሷም 190 ነበር የጻፈችው፣ ከስሩ ደሞ "ጨው ያበዛል፣ ወንድሙ ግማሽ ጎኑ ሽባ ነው" ብላ ጨምራበታለች። ይሄን እኔ በአስር ደቂቃ ከሰውየው አፍ አላወጣም ነበር፣ እሷ ግን እቤታቸው ስለምትገባ ታውቀዋለች። አሁን በየወሩ ይመጣል፣ ካርዱን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ፣ እየተነጫነጨ ቢሆንም ይመጣል።

ቁጥሩን ከፈለክ ደሞ አንተ ቁጥር ትወዳለህ፣ በፈረንጅ 2000 በተሰራው ጥናት ከሺ ህጻን 166ቱ አምስት አመት ሳይሞላው ይሞት ነበር፣ በ2016 67 ደርሷል። ጤና ተቋም ሄዳ የምትወልድ እናት ያኔ ከመቶ አምስት ነበረች፣ በ2016 26፣ በ2019 ወደ 48። ሁሉንም ኤክስቴንሽኖቹ አመጡት አልልም፣ መንገዱም አለ ትምህርቱም አለ። ግን አንተ በበቅሎ ስትደርስ ያለቀላት ሆና ያገኘሃትን ሴትዮ ታሪክ ስንቴ ነግረኸኛል፣ ዛሬ ያቺ ሴትዮ እርግዝናዋን የሚከታተል ሰው ቀበሌዋ ውስጥ አለ።

ፓናዶል ያልከው ላይ ግን አልከራከርህም። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ህንጻው አምሮ በሩ ላይ ትልቅ ታፔላ ተሰቅሎ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ሰው የጤና መድን ከፍሎ "የለም ከውጪ ግዛ" ሲባል አይቼ በጣም ተናድጃለሁ፣ ገበሬ አንዴ እንደዛ ከተደረገ በሚቀጥለው አመት አያድስም፣ ልክ ነው ደሞ። ባለሙያውም አመት ሳይሞላው ቤት የለ መብራት የለ እያለ ይለቃል። ጤና ጣቢያ ማስፋፋት ሲባል ሪባን መቁረጥ የሚመስላቸው አሉ፣ እኔን ብትጠይቀኝ ላቦራቶሪው የሚሰራና መድኃኒት የማይቋረጥበት አንድ ጤና ጣቢያ ባዶ ከሆኑ ሶስት ህንጻዎች ይሻለኛል። ግን አባዬ የአንተ መድኃኒት እኮ ብርቅ አይደለም፣ አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ነው፣ ከሌለም ቢያንስ ልኬቱና ክትትሉ አለ፣ የሽንትና የስኳር ምርመራውም እዛው ይሰራልሃል።

እማዬ ደሞ "ጠዋት በሌሊት ተነስቶ በባጃጅ ትልቁ ሆስፒታል ሄዶ ተሰለፈ" አለችኝ፣ ሳትታይ ተመለስክ አይደል? ስማ፣ እዛ ከኢሉባቦር ከከፋ ከጋምቤላ ድረስ ሪፈር ተጽፎለት በአምቡላንስ የሚመጣ ሰው አለ። ለተራ ፕሬዠር ልኬት እዛ መሰለፍ አንተንም ያደክምሃል እነሱንም ያጨናንቃል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፍልሃል፣ ያኔ በሩ ይከፈትልሃል።

የጤና መድኑንም አድስ። ሊሙ ኮሳ እኮ በ2003 ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፣ ስለዚህ እዚህ ሰው ስለ መድን ከኔ በላይ ያውቃል ብልህ አታምንም። በአመት አንዴ ለቤተሰብ ይከፈላል፣ አንተ ደሞ ሱቁን ከከፈትክ ጀምሮ የመንግስት ደሞዝተኛ አይደለህም ይመለከትሃል። እድሳቱ ወቅት አለው፣ ካለፈ በኋላ ስትታመም ሄደህ ልክፈል ብትል አይሆንም፣ ቀበሌ ሄደህ እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቅ። ሪፈር ሳትይዝ ሆስፒታል ከሄድክ ደሞ ከኪስህ መክፈል ይመጣል፣ በደረጃው ሂድ። ብሩን እኔ እልካለሁ፣ በዚህ እንዳትጨቃጨቀኝ።

ስትሄድ የምትወስደውን መድኃኒት ከነፓኮው ያዝ፣ ያንን ልኬት የምትጽፍበትን ደብተርም ያዝ፣ በጣም ይጠቅማቸዋል። ጠዋት ቡና ሳትጠጣና ጫት ሳይኖር ሂድ፣ ከመለካትህ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ በል፣ እግርህን አታጣምር። ልጅቷ ክንድህ ላይ ስታስር "እንደሱ አይደለም" ብለህ ደሞ ሌክቸር እንዳትሰጣት! ባለፈው ቤት ለቤት የመጣችውን የከተማ ኤክስቴንሽን ስለ መርፌ አፈላል ስታስተምራት አረፈድክባት አሉ፣ ቡናው ስለጣማት ነው የታገሰችህ። ባይሆን ድሬሰር እንደነበርክ ንገራቸው፣ ከተመረቁት ውስጥ መስማት የሚፈልግ አይጠፋም።

እማዬንም ይዘሃት ሂድ። "እኔ ጤነኛ ነኝ" ትልሃለች፣ አትስማት፣ ማታ ማታ ውሃ ታበዛለች ብለኸኝ የለ፣ ስኳሯን በባዶ ሆድ ይዩላት። ሰኞ ከሄዳችሁ ማታ እደውላለሁ፣ ካልሄዳችሁም እደውላለሁ።

ልጅህ