ከጠዋቱ 8 ሰዓት የሚባል ሰዓት የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ድባቴ መድኃኒቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንባቢ ያየው ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የእኔ ጠብ ከአንዲት መስመር ጋር ነው። ኤም.ኤ.ኦ.አይ. ስለሚባሉት የቆዩ መድኃኒቶች በሚያወራው ክፍል፣ ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ «ፓርኔት ከጠዋቱ 8 ሰዓት እና ከቀኑ 2 ሰዓት ይወሰዳል» ትላለች።

ከጠዋቱ 8 ሰዓት በየትኛው አገር ያለ ሰዓት ነው? እኔ የማውቀው 8 ሰዓት ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ሰውን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰዓት ነው። 2 ሰዓት ደግሞ ወይ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበት ነው፣ ወይ የማታው ዜና የሚጀምርበት። ጸሐፊው ከእንግሊዝኛው ሲገለብጡ ቁጥሩን አሻግረው ፀሐይዋን እዚያው ጥለዋት መጥተዋል።

«ትንሽ ግድፈት ናት፣ ምን ያስቆጣል?» የሚል አይጠፋም። ስለ ባቡር መነሻ ሰዓት ቢሆን እኔም ስቄ ባለፍኩ። ይህን ግን የማልፍበት አንጀት የለኝም። መድኃኒቱን የምወስደው እኔ ነኝ፤ በዚሁ ስሕተት ዘጠኝ ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ያነጋሁትም እኔ ነኝ።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሦስት ዓይነት የድብርት መድኃኒት ተሞክሮ አልሆን ሲል ሐኪሜ ፓርኔት አዘዘልኝ፤ የቆየ ነው፣ ጥንቃቄው ብዙ ነው፣ ግን ሌላው እምቢ ላለው ሰው አንዳንዴ ይሠራል ብሎ። (እናንተ ድባቴ በሉት። እኛ ቤት ድብርት ነው። እናቴ ደግሞ «ሆድ ብሷት ነው» ብላ ነው የምታልፈው።) እማዬ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ክኒኑ ባለ 10 ሚሊግራም ነው፤ ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት አንድ። ብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ 8 እና 2 የሚሉ ቁጥሮች ተለጥፈዋል። እኔ ያኔ ብልቃጥ የማነብ ሰው አልነበርኩም፤ ከአልጋ ለመነሳት እንኳ የሰው እጅ እፈልግ ነበር። ክኒኑን የምታዘጋጀው እማዬ ናት። በመጣች በማግስቱ ወንበር ላይ ወጥታ የኩሽናውን የግድግዳ ሰዓት ወደ ሐበሻ አቆጣጠር መልሳዋለች፤ የፈረንጁ ግራ ያጋባኛል ብላ። ስለዚህ ያ ሰዓት 8 ሲል ሁለቱን ክኒን፣ 2 ሲል አንዱን፣ በትንሿ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋ፣ ጠርዙ ላይ ቁራሽ ዳቦ ጨምራ ታመጣልኛለች። አንድም ቀን ደቂቃ አላዛነፈችም።

የጠዋቱን ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓቱን ከራት በኋላ ስወስድ ሰነበትኩ ማለት ነው።

ፓርኔት ያነቃል። በቅርጹ አነቃቂ የሆነው የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት ላይ እንጂ ወደ ማታ የማይሰጠውም ለዚሁ ነው። በዘጠነኛው ቀን ክሊኒኩ ስንደውል ስልኩን ያነሳችው ነርስ የእንቅልፍ መድኃኒት እንደሚጨመርልኝ ነገረችን። በስንት ሰዓት እንደምወስደው የጠየቀ የለም። የጠየቀችው መድኃኒት ቤት ያገኘናት ሐበሻ ፋርማሲስት ናት። ብልቃጡን አየች፣ እማዬን አየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ 8 ሰዓት የሚሉት በማን ሰዓት ነው?» አለቻት። እማዬ ተቆጣች። «በማን ይሆናል፣ በእኛ ነዋ!»

ልጅቷ ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ ብልቃጡ ላይ በማርከር አንዲት ፀሐይ ሣለችና «ጠዋት 2፣ ቀን 8» ብላ በአማርኛ ጻፈችበት። የእንቅልፍ መድኃኒቱን ሳንወስድ ተመለስን። በሁለተኛው ሌሊት ተኛሁ። እማዬ ግን «ልጄን በገዛ እጄ» እያለች እስካሁንም ይቆጫታል።

እንግዲህ ሰዓት ዋጋ ባለው ቦታ ላይ ሰዓቱን አዛባችሁት። ሰዓት ምንም በማይፈይድበት ቦታ ላይ ደግሞ ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ፣ ሰዓት ሰካችሁበት። «የተከለከሉትን ምግቦች መመገብ የፈለገ ከመድኃኒቱ 4 ሰዓት ያራርቅ» ትላላችሁ። (ይህኛው እንኳ በሐበሻም በፈረንጅም ያው ነው፤ ደግ ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀታችንና ጉበታችን ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ከምግብ ጋር የሚገባውን ታይራሚን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ሳይዘልቅ የሚያፈርሰው እሱ ነው። የግቢ ዘበኛ በሉት። ፓርኔትና የዚሁ ወገን የሆነው ናርዲል ይህን ዘበኛ ለምሳ አይልኩትም፤ ያሰናብቱታል። ክኒኑ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፣ ዘበኛው ግን አይመለስም። ሰውነት አዲስ ኢንዛይም ሠርቶ በሩን እስኪያስጠብቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጠዋት 2 ሰዓት ክኒኑን ወስዶ፣ የእናንተን ምክር ሰምቶ፣ 6 ሰዓት ላይ የከረመ ቺዝ የሚበላ ሰው የሚያገኘው ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቢበላም ያው ነው። ታይራሚኑ ደም ውስጥ ይገባል፣ የደም ሥርን የሚያጠበውን የተከማቸ ኖርአድሬናሊን ያራግፋል፣ የደም ግፊት ይተኮሳል። ማጅራትን ይዞ የሚነሳ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የልብ መምታት፣ ላብ። ሲከፋ ጭንቅላት ውስጥ ደም ይፈስሳል። ይህ የታየበት ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው እንጂ ሰዓት እየቆጠረ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ቁጥር ከፈለጋችሁ የሚጻፍ ቁጥር ሞልቶ ነበር። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ከምግቦቹ 2 ሳምንት ይጠነቀቃል። ከዚህ ወደ ሌላ የድብርት መድኃኒት የሚሻገር ቢያንስ 14 ቀን ይጠብቃል። ፍሉኦክሴቲን ከሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ወደዚህ የሚመጣ ደግሞ 5 ሳምንት፤ ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ አይደለምና። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም ብትሉም እውነት ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተፈቀደው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ሰሌጂሊን፣ በዝቅተኛው መጠን፣ በ24 ሰዓት 6 ሚሊግራም ሲሆን የምግብ ክልከላ የለበትም። ይህን ጽፋችሁ ቢሆን አመሰግናችሁ ነበር። 4 ሰዓት ግን የማን ፈጠራ ነው?

ወደ ምግቡ ልምጣ። «የከረመ ቺዝ፣ ቀይ ወይን፣ ሳላሚ፣ የአኩሪ አተር ሶስ» ብላችሁ ዝርዝሩን ዘጋችሁት። ይኸው ነው? ጋዜጣው የሚታተመው በአማርኛ መስሎኝ ነበር። እኔ እስከዛሬ ለቅሶ ቤት ሳላሚ ቀርቦልኝ አያውቅም። ጠላ ግን ይቀርብልኛል። ታይራሚን ማለት ፕሮቲን ያለው ነገር ሲከርምና ሲብላላ የሚጠራቀም ነው፤ ቺዙ የተከለከለው ነጭ ወይም ቢጫ ስለሆነ አይደለም። በዚህ ሚዛን የእኛን ማጀት አስቡት። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ነው፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት የሚብላላ። ቤት የተጠመቀ ጠላ ያልተጣራ ነው፣ ጋኑ ላይ ደግሞ ይህን ያህል አለው የሚል ወረቀት አይለጠፍም። የባቄላ እሸት ሌላ ጣጣ አለው፤ በተለይ ገለባው ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ግፊት የሚያስነሳ ሌቮዶፓ የሚባል ነገር ስላለው ከከረመ ቺዝ ጋር እኩል በክልከላ ዝርዝሮች ላይ የሚሰፍር ነው። ትኩስ አይብ የሰነበተ አይብ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ወንድም ነው፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር ጫት የሚቅም ሰው በእሳት ላይ ቤንዚን ይዞ እንደቆመ ነው። ስለ ጫት በአማርኛ ጋዜጣ አንድ ቃል አለመውጣቱ አስደናቂ ነው። ስለ ሳላሚ ወጥቷል።

እኔ ዝርዝሬን የሠራሁት በየተራ እያንዳንዱን ምግብ ለሐኪሜና ለዚያች ፋርማሲስት እያስረዳሁ ነው። ለአሜሪካዊ ሐኪም ስልጆን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሰናፍጩ ጋ ስደርስ ሰውየው በእጁ በቃኝ አለ። ትኩሱን እንጀራ አልከለከሉኝም፣ ተመስገን። ጠላው ግን ቀረ፤ ከጠላው ጋር ሰላሜም ቀረ። ባለፈው ለቅሶ ላይ አልጠጣም ስል አንዷ «ጾም ነሽ?» አለችኝ፣ ሌላዋ «ጰንጤ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ፣ ሦስተኛዋ ዝም ብላ ሆዴን አየች። በ51 ዓመቴ! የድብርት መድኃኒት እወስዳለሁ ብሎ ከመናገር አርግዣለሁ ማለት ይቀላል።

«ሌላ መድኃኒት ሲወስዱ ሐኪም ያማክሩ» የምትለዋን አንድ ዓረፍተ ነገራችሁንም አይቻታለሁ። ስንት ሰው ነው አዲስ አበባ ለበዓል ገብቶ ጉንፋን ሲይዘው ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት ደርሶ «የጉንፋን ስጡኝ» የሚለው? የጉንፋኑ ክኒን ውስጥ ሱዶኢፌድሪን፣ የሳሉ ሽሮፕ ውስጥ ዴክስትሮሜቶርፋን ካለ ለእኔ ዓይነቱ መርዝ ነው። ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ትራማዶልም እንዲሁ። ለከባድ ሕመም በመርፌ የሚሰጠው ፔቲዲን የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ናርዲል እየወሰደች ሆስፒታል ገብታ ፔቲዲን ተወጋች፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። የሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት ከሞቷ ጋር ስሙ ተያይዞ ዛሬም ይነሳል፤ ኒውዮርክ የተለማማጅ ሐኪሞችን የሥራ ሰዓት በሕግ ደንብ የገደበችው ከእሷ ጉዳይ በኋላ ነው። እኔ አገር ቤት ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ካርድ እይዛለሁ። ካርዱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ከጋዜጣ ያገኘሁት አይደለም።

ደብዳቤ መጻፍ ምን ይፈይዳል ያለኝ አለ። የቺዙ ነገር ራሱ የታወቀው በደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሪ ብላክዌል የሚባል የለንደን ወጣት ሐኪም መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስላየው የደም ግፊት ላንሴት መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። ያን ያነበበ ሮው የሚባል የኖቲንግሃም ሆስፒታል ፋርማሲስት፣ መድኃኒቱን የምትወስደው ሚስቱ ቺዝ ስትበላ ራሷን እንደሚያማት ጠቅሶ፣ ነገሩ ከቺዙ ይሆን ወይ ሲል ጻፈለት። መጀመሪያ ነገሩ እንደ ቀልድ ነው የታየው። ሰውየው ግን የሚስቱን ማዕድ አይቶ ነው የጻፈው። እናንተም የአንባቢያችሁን ማዕድ ብታዩ ከዚህ የበለጠ አልጠይቅም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን በእማዬ ምክንያት ነው። እሁድ ዕለት ከአዲስ አበባ ደወለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጋዜጣችሁን ዘርግታ፣ በስልክ መስመር በመስመር አነበበችልኝ። «ይኸው 8 ሰዓት ይላል! ጠዋት ያሉት ተሳስተው ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን የእኔው ነው። አየሽ? ያቺ ልጅ ናት የተሳሳተችው» አለች። ድምጿ ላይ አራት ዓመት የተሸከመችው ነገር ሲራገፍ ይሰማኛል። ምን ልበላት? ቀጠለች፦ «ስልጆም የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ። ያለበት ቺዝ ነው። ለዓቢይ ጾም አሽጌ በሰው ልኬልሻለሁ፤ 4 ሰዓት ጠብቀሽ ትበያለሽ።»

አይደለም ብላት አልሰማችኝም። የታተመ ነገር ነው የምታምነው፤ እኔ አልታተምኩም። ስልጆው የፊታችን ቅዳሜ ይደርሳል። እርማቱን በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ አውጡልኝ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ፣ ስልጆንም በስሙ ጠርታችሁ። ፊደሉንም ከፍ አድርጉት፤ እማዬ ትንንሹን አታነብም።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
(ስሜ እናንተ ዘንድ ይቆይ፤ እንዳይወጣ አደራ።)