ሐውልቱ ጋ ጠብቂኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው ቅዳሜ በስልክ ስንነጋገር ከጓደኞችሽ ጋር የምትቀጣጠሩት «ስድስት ኪሎ፣ ሐውልቱ ጋ» እንደሆነ ስትነግሪኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ እዚያው ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች እያየሽ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን መሬት ላይ ተኙ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም «ነይ፣ ታክሲው ሊሞላብን ነው» ብዬ እጅሽን ጎተትኩ። መልሱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢዘገይም ዛሬ ልጻፍልሽ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት አድርጎ፣ ለከተማው ድሆች ምጽዋት ለመስጠት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባ ሰው በጥይት ብቻ ሳይሆን በአካፋና በዶማ ጭምር ተጨፈጨፈ፤ ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው ጋዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስመዝግቧል። ያ ግቢ እንግዲህ አንቺ በየማለዳው መታወቂያሽን እያሳየሽ የምትገቢበት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። መሬት ላይ ተኝተው ያየሻቸውም እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ቅርጹን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቪያውያን ሲሆኑ፣ ሐዘናችንን በባዕድ እጅ እንዲህ ማስቀረጻችን ቢያስገርመኝም እጃቸው ግን አልሳተም እላለሁ።

ወደ ውስጥ ገብተሽ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የቀድሞውን ቤተ መንግሥት ስታዪ ደግሞ፣ ከፊቱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ታገኛለሽ። ኢጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን መታሰቢያ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያደረጉ ነው የሠሩት። ከድሉ በኋላ የእኛ ሰዎች ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ አስቀመጡበት። አንዲት መስመር ጽሑፍ ሳያስፈልገው የተሰጠ መልስ በመሆኑ፣ ከከተማዋ መታሰቢያዎች ሁሉ አስታውሼው ፈገግ የምለው ይህ ብቻ ነው።

ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ ብትወርጂ አደባባዩ የሚጠራው በሚያዝያ 27 ነው። ይህ ቀን በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ የገባበት ሲሆን፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ቀን ጠብቀው ተመልሰው ገብተውበታል። ከዚያ ወደ ፒያሳ ስትዘልቂ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተደበደቡት አቡነ ጴጥሮስ ሐውልታቸው ቆሟል። ሐውልቱ ለባቡሩ መስመር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ነው የተመለሰው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ቦታው የተቆፋፈረ አፈር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ወያላዎች «አቡነ ጴጥሮስ! ወራጅ አለ?» እያሉ ሲጣሩ እሰማ ነበር።

በሚመጣው ወር ለጉዳይ ስመጣ ሐውልቱ ጋ ጠብቂኝ። ቀድመሽ ከደረስሽ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ከትተሽ በአጥሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዙሪ፤ እኔ በአንደኛው ጎን በኩል ብቻ ነበር የማልፈው፣ የኋለኛውን ገጽ አንቺ ትነግሪኛለሽ። ከዚያ እስከ ፒያሳ በእግራችን እንሄዳለን። ታክሲው ይሙላ።

አባትሽ